ከትእዛዙ ኋላ ያሉት ሰረዞች

አፕት በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር የሚጭን መሣሪያ ነው። ትእዛዙ አጭር ቢሆንም ጠባዩን የሚቀይሩት በሰረዝ የሚጀምሩት አማራጮች ናቸው። ገላን ወይም ሱሉልታ ሆኖ ላፕቶፑን በስልኩ ዳታ ለሚያሳድስ ሰው ደግሞ እነዚህ አማራጮች ገንዘብ ናቸው።

ከሁሉም የሚደነቀው «--ኖ-ኢንስቶል-ሬኮመንድስ» ነው። ዴቢያን 5 በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ አፕት አንድ ጥቅል (ፓኬጅ) ሲጭን «ቢኖሩ ይመረጣል» የተባሉትንም አብሮ ያወርዳል። ለብዙ ሰው ደግ አሠራር ነው፤ ሜጋባይት እየቆጠረ ለሚጠቀም ግን ይከብዳል። ይህ አማራጭ ሲታከል የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ ይመጣሉ። ሁልጊዜ መጻፉ የሚሰለቸው ሰው «አፕት.ኮንፍ.ዲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ የአንድ መስመር ፋይል ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ አፕት ራሱ ያስታውሳል። እርግጥ አንዳንዱ ፕሮግራም ያለ ተመራጭ ጥቅሎቹ ጎደሎ ስለሚሆን የቀሩትን ጥቅሎች ዝርዝር ማንበብ ይገባል።

«-ኤስ» የጥንቁቅ ሰው ወዳጅ ነው። ምንም ሳይነካ የትኛው ጥቅል እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ ያሳያል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንኳ አይጠይቅም።

«-ዲ» ደግሞ ያወርዳል እንጂ አይጭንም። የግዕዝ ፊደል የያዘው የአቢሲኒካ ፎንት ጥቅል፣ ለምሳሌ፣ ቡራዩ ላይ አንዴ ከወረደ በፍላሽ ሰበታ ይደርሳል፤ እዚያም ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ በ«ዲፒኬጂ -አይ» ይጫናል። ጥቅሉ ሌሎች ጥቅሎችን የሚፈልግ ከሆነ እነሱንም አብሮ መያዝ ነው፤ ሁለቱ ማሽኖችም አንድ ዓይነት እትም ቢኖራቸው ሥራው ይቀላል።