«የምድር ዳር» ከማን ቤት ሲለካ? ስለ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት

ከቦነስ አይረስ ወደ ደቡብ የሚወርደው የአርጀንቲና ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 3 ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከዘለቀ በኋላ ከኡሽዋያ ከተማ አለፍ ብሎ ከባሕር ዳር ያበቃል። መንገደኛው ግን እዚያ ለመድረስ ወሰን ተሻግሮ ቺሌ መግባት፥ የማጄላንን የባሕር ሰርጥ መኪና በሚያሻግር ጀልባ ማለፍ፥ ከዚያም በሳን ሴባስቲያን ኬላ እንደ ገና ወደ አርጀንቲና መመለስ አለበት፤ ደሴቲቱን ለሁለት የከፈላት በ1881 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) የተፈረመው ውል ነውና። ከተማይቱ ራሷን «የዓለም መጨረሻ» እያለች ለእንግዳ ታስተዋውቃለች። ይሁን እንጂ ከቢግል ሰርጥ ማዶ፥ በስተ ደቡብ፥ የቺሌ ደሴት ናቫሪኖ አለ፤ ሰውም ይኖርበታል።

ሉካስ ብሪጅስ በ1948 ያሳተመው መጽሐፍ «የምድር ዳር» ይባላል። ርእሱ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 1 ያስታውሳል፤ ከመካከል ወደ ዳር የሚላክ ሰው ቃል ነው። ደራሲው ግን በ1874 የተወለደው እዚያው ኡሽዋያ ነው። አባቱ ቶማስ ብሪጅስ 32,000 ያህል የያጋን ቃላት የሰበሰበ ሚሲዮናዊ ነበር፤ ይህም ሥራ፥ ዳርዊን በ1830ዎቹ ያንን ቋንቋ ሰምቶ የሰነዘረውን የንቀት ፍርድ አፍርሶታል። ስለዚህ ርእሱ ዳር ቢልም መጽሐፉ የተጻፈው ከመካከል ነው፤ ያጋኖችና ሴልክናሞች በየስማቸውና በየጠባያቸው ይታዩበታል። ሆኖም ቤተ ሰቡ ከመንግሥት መሬት ተቀብሎ በግ አርቢ ስለ ነበረ፥ የመሬቱ ነገር በባለ ርስት ዐይን መታየቱን አንባቢ መዘንጋት የለበትም።

ብሩስ ቻትዊን በ1977 ያሳተመው «በፓታጎኒያ» 97 አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ የአጻጻፉ ቁጥብነትም የሚደነቅ ነው። ስለ መዝገበ ቃላቱ የጻፈው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ የኀዘን መክበድ በያጋን ቋንቋ አሮጌ ቅርፊቱን ጥሎ አዲሱን በሚጠባበቅ ሸርጣን ስም እንደሚጠራ ያስረዳል። ነገር ግን ያው ደራሲ ናቫሪኖ ሲደርስ ያገኘውን አንድ አረጋዊ ጥሩ ደም ያለው የመጨረሻው ያጋን አድርጎ ያቀርብልናል።

ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። የምድርን መጨረሻ ፍለጋ የወጣ ሰው፥ የመጨረሻውን ሰው ሳያገኝ አይመለስም፤ የመንገዱን ማለቂያ የሕዝቡ ማለቂያ ያደርገዋል። የኡሽዋያ ያጋኖች በ1884 የአርጀንቲና መርከቦች ከመጡ በኋላ በኩፍኝ ማለቃቸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የመጣው ከመካከል እንጂ ከዳርነታቸው አይደለም። ደግሞም በ1928 በናቫሪኖ የተወለዱት ወይዘሮ ክሪስቲና ካልዴሮን የቻትዊን መጽሐፍ ሲታተም በሕይወት ነበሩ፤ በ2005 የያጋን ተረቶች መጽሐፍ ከልጅ ልጃቸው ጋር አሳትመው በ2022 ዐረፉ። ቋንቋውን ከእናት አፍ የተማሩት የመጨረሻዋ ተናጋሪ እርሳቸው ይሁኑ እንጂ፥ ያጋን ነን የሚሉ ቤተ ሰቦች ዛሬም በዚያ ይኖራሉ።

ወደ ጠረፍ ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎቻችን ሁለቱንም መጻሕፍት ቢያነቡ ይጠቀማሉ፤ ከቻትዊን ቁጥብነትን፥ ከብሪጅስ መሰንበትን ይማራሉ። «ጠረፍ» የሚለውን ቃል ግን ከመጻፋቸው በፊት፥ የአገሩ ሰው ራሱ ቦታውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቁ።