«መክፈል» የሚለው ቃል ሦስት ሥራዎችን መሸከም ይችላልን?

አንድን ረጅም የጽሑፍ ፋይል ወደ ብዙ ፋይሎች መለወጥ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የዘወትር ሥራ ሆኗል። የተሰበሰበው የቃላት ዝርዝር ለብዙ መርማሪዎች ሲታደል፣ ረጅሙ ድርሰት በየምዕራፉ ለትርጉም ሲሰጥ፣ ይህ ሥራ ሳይሠራ አይታለፍም። በዩኒክስና በሊኑክስ የትእዛዝ መስመር ላይ ደግሞ ለዚሁ የሚያገለግሉ ሦስት የታወቁ መሣሪያዎች አሉ፤ እነርሱም ስፕሊት፣ ሲ-ስፕሊትና ኦክ ናቸው። የሦስቱም ተግባር ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «መክፈል» ወይም «መከፋፈል» ሲባል እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንን አጠራር ነው። ነቀፋችንም ለቃል ውበት ከመጨነቅ የመጣ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ሲጠሩ በጽሑፉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ስለሚሰወር ነው።

«ከፈለ» ገንዘብ መስጠትንም አንድን ነገር ወደ ክፍሎች መለየትንም እንደሚያመለክት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድርብነት ዋናው ችግር አይደለም፤ «ፋይሉን ክፈል» ሲባል ሒሳብ ክፈል ማለት እንዳልሆነ ዐውዱ ያስረዳል። የቃሉ ጉድለት ሌላ ነው፤ ቢላዋው የት ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። በልክ ነውን? በመገጣጠሚያው ላይ ነውን? ወይስ እያንዳንዱ ነገር እየተመረጠ ወደየወገኑ እየተጨመረ ነው? የገበሬውና የባልትናው አማርኛ ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቃል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ መሬት በጥማድ ይቈጠራል፤ በገመድ ተለክቶ ሲታደልም ይሸነሸናል። ዶሮ ግን በገመድ አትለካም፤ መገጣጠሚያዋ እየተፈለገ ወደ 12 ብልቶቿ ትበለታለች። የተቀላቀለ እህል ደግሞ አይሸነሸንም፣ አይበለትም፤ ጤፉ ለብቻ፣ ገብሱ ለብቻ ይለያል። ሦስቱ መሣሪያዎች የሚሠሩት እነዚህን ሦስት ሥራዎች ነው።

ከስፕሊት እንጀምር። ይህ መሣሪያ የሚያውቀው ልክን ብቻ ነው። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በየ1000 መስመሩ ይቈርጣል፤ ከተባለም በባይት ቁጥር ይቈርጣል። የተቈረጠው ነገር ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ጎንጅና ዋሸራ ስማቸው ከቅኔ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዚያው እንውሰድ። እያንዳንዱ የቅኔ ቤት በአንድ መስመር የተጻፈበት ፋይል አለን እንበል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ 1000 ለሁለትም ለስምንትም ያለ ትርፍ ስለሚካፈል፣ ፋይሉ የጉባኤ ቃና ብቻ ወይም የመወድስ ብቻ ከሆነ አንድም ቅኔ አይጐዳም። ሥላሴ ግን ስድስት ቤት ነው። ስለዚህ በአንደኛው ቁራጭ 166 ሙሉ ቅኔዎች ከገቡ በኋላ 167ኛው ከአራተኛው ቤቱ ላይ ተቈርጦ፣ የቀሩት ሁለት ቤቶች ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ይሻገራሉ። ወርቁ የተሰወረው በእነዚያ በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ቢሆን የመጀመሪያው መርማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። በአንድ ፋይል ውስጥ የተለያየ ቤት ያላቸው ቅኔዎች ሲቀላቀሉ ደግሞ መቍረጫው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መገመት እንኳ አይቻልም።

በባይት መቍረጥ ከዚህ የከፋ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዐት እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። የላቲን ፊደል ግን በመሠረቱ አንድ ባይት ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በ1000 ባይት የተቈረጠ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢበዛ ቃል ይሰበርበታል እንጂ ፊደል አይሰበርበትም። ያለ ክፍት ቦታ በተከታታይ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ግን 333 ፊደሎች ከሄዱ በኋላ የ334ኛው ፊደል ሢሶ ብቻ በመጀመሪያው ፋይል ይቀራል፤ የቀረው ሁለት እጅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለቱም ፋይሎች ለየብቻ ሲከፈቱ በድንበራቸው ላይ የማይነበብ ምልክት ይታያል። መርማሪው ያንን ምልክት ቈሻሻ መስሎት ቢሰርዘው ፊደሉ ከሁለቱም ወገን ይጠፋል፤ ቍርጥራጮቹ ተመልሰው ቢገጣጠሙም አይመለስም። ስፕሊት ራሱ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ መጠኑን በባይት እየገደበ መስመር እንዳይሰብር ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን «መክፈል» ብቻ ተብሎ የተማረ ሰው በመስመርና በባይት መካከል ልዩነት መኖሩን ለመጠየቅ ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው መሣሪያ ሲ-ስፕሊት የሚፈልገው መገጣጠሚያውን ነው። «ምዕራፍ» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ባገኘህ ቍጥር አዲስ ፋይል ጀምር ቢሉት እንዲሁ ያደርጋል። እንደ ዶሮዋ ሁሉ እዚህም ጥበቡ ያለው መገጣጠሚያውን በትክክል በማወቅ ላይ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ቃላት በየወረዳው ተሰብስበው በአንድ ፋይል ተጽፈዋል እንበል፤ በየክፍሉ ራስ ላይ «ወረዳ ጎዛምን»፣ «ወረዳ ማቻከል»፣ «ወረዳ ስናን» የሚል አርእስት አለ። መሣሪያው «ወረዳ» በሚል የሚጀምረውን መስመር ሁሉ መገጣጠሚያ አድርጎ እንዲወስድ ቢታዘዝ፣ በዝርዝሩ ውስጥ «ወረዳ» የሚለው ቃል ራሱ ከነፍቺው በተጻፈበት መስመር ላይም ይቈርጣል። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ለመቍረጥ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። አራት ነጥብ በኮምፒዩተር ጽሑፎቻችን ላይ ቢያንስ በሦስት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ራሱን የቻለው «።» ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ፣ ማለትም «፡፡» ነው፤ ሦስተኛው ከላቲን የተወሰደው «::» ነው። በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ለመሣሪያው ግን ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ ከመቍረጥ በፊት መገጣጠሚያዎቹን መቍጠርና በስንት መልክ እንደተጻፉ ማየት ግዴታ ይሆናል።

ሦስተኛው መሣሪያ ኦክ እ.ኤ.አ. በ1977 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሠሪዎቹ ከአሆ፣ ከዋይንበርገርና ከከርኒሃን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚሰጠው ተስፋ ትልቅ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እያነበበ በመጀመሪያ ፊደሉ ወደየፋይሉ ሊልክ ይችላል። ይሁንና የፊደላችን ጠባይ እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶችን ያኖራል። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው በባይት እንዲያነብ በተደረገበት ኮምፒዩተር ላይ «የመጀመሪያ ፊደል» ማለት የመጀመሪያ ባይት ማለት ይሆናል፤ በመደበኛው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ ከሀ እስከ ፐ ያለው መዝገብ በሙሉ ወደ አንድ ፋይል ይገባል። ሁለተኛው፣ ፊደልን በትክክል የሚያነብ ቢሆን እንኳ በሬ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባሕር፣ ቤት፣ ብርሌ፣ ቦታ ሰባት ፋይሎች ይሆናሉ፤ ለመሣሪያው በ እና ቡ አንድ ቤተሰብ አይደሉምና። ይህን በቍጥር ማረም ይቻላል፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው፣ የፊደሉ ቍጥር ለስምንት ሲካፈል ሰባቱ ድምፆች ወደ አንድ ረድፍ ይሰበሰባሉ።

ሦስተኛው ወጥመድ ግን በሒሳብ ብቻ አይፈታም። «ጎጃም» እና «ጐጃም» ተብሎ የሚጻፈው አንድ አገር ነው፤ ነገር ግን «ጎ» ከገ ረድፍ ሲሆን «ጐ» የራሱ ረድፍ አለው፤ ስለዚህ በስምንት ከተካፈለ በኋላም አንዱ ጎጃም ወደ አንዱ ፋይል፣ ሌላው ጐጃም ወደ ሌላው ይሄዳል። ዓባይና አባይ፣ ሥራና ስራ፣ ፀሐይና ጸሐይ እንደዚሁ ይለያያሉ። አንዳንዶች ለዚህ የሚያቀርቡት መድኀኒት ጽሑፉን በሙሉ ወደ አንድ ዐይነት ፊደል መለወጥ ነው። ይህን አንቀበልም። የቃሉን ሥርና ታሪክ የሚመረምር ሰው ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን ለይቶ ማየት ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ የተደመሰሰ ልዩነት ከፋይሉ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም። የሚሻለው ለመለያነት ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዐምድ ጨምሮ፣ በዚያ ዐምድ ላይ ብቻ ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግና የሰብሳቢውን አጻጻፍ እንዳለ መጠበቅ ነው።

ሦስቱን ሥራዎች ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን መልሶ መግጠም ነው። በስፕሊት ወይም በሲ-ስፕሊት የተቈረጠው፣ ቍርጥራጮቹ በተራቸው ቢቀጣጠሉ ባይት ሳይጎድል የቀድሞውን ፋይል ይመልሳል፤ ሁለቱን በማወዳደሪያ ትእዛዝ ማመሳከርም ይቻላል። የሚያስፈልገው የስሞቹን ተራ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሲ-ስፕሊት በተለመደው አሠራሩ ፋይሎቹን በሁለት አኃዝ ስለሚቈጥር፣ ቍርጥራጮቹ ከ100 ካለፉ 100ኛው ቍጥር በፊደል ተራ ከ10 ቀጥሎ ከ11 በፊት ይሰለፋል፤ አስቀድሞ ሦስት አኃዝ እንዲጠቀም ማዘዝ ይገባል። በኦክ በፊደል የተለየው ግን ቢቀጣጠልም የቀድሞው ተራ አይመለስም። የእህሉ ዐይነት ከተለየ በኋላ የቱ ፍሬ ከየቱ አጠገብ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ቃላቱ ከማን አፍ በምን ተራ እንደተሰበሰቡ ማወቅ የሚፈልግ አዘጋጅ፣ ከመለየቱ በፊት በእያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ ተራ ቍጥር መጻፍ አለበት። «ከፈልሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው «እገጥመዋለሁ» ብሎም ያስባል፤ «ለየሁ» ያለ ግን ምን እንዳጣ አስቀድሞ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለሦስቱ ሥራዎች ሦስት ስሞችን እናቀርባለን፤ በልክ ለሚቈርጠው ሽንሸና፣ በመገጣጠሚያው ለሚቈርጠው ብለታ፣ በወገን ለሚያከማቸው ልየታ። ሽንሸናና ልየታ በጽሕፈት ቤቶች ጭምር የተለመዱ ስለሆኑ ብዙ ተቃውሞ አይገጥማቸውም። በብለታ ላይ ግን የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛው «ብልት» የሚለው ስም በዛሬው አነጋገር ለኀፍረተ ሥጋ መጠሪያ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው «መበለት» የሚለው አርእስት ባሏ ከሞተባት ሴት ስም ጋር በጽሕፈት አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ተቃውሞዎች እውነትነት አላቸው፤ ስሙንም ብልት ወይም መበለት ያላልነው ስለዚህ ነው። ከቀነሰ ቅነሳ፣ ከፈለገ ፍለጋ እንደሚወጣ ሁሉ ከበለተ ብለታ ማውጣት ሕጉን የጠበቀ ነው፤ ከሁለቱም አሳሳች ቃላት በጽሕፈትም በድምፅም ይለያል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ቢያቀርብ ብለታን ለመተው ዝግጁዎች ነን። ሦስቱን ሥራዎች ወደ አንድ «መክፈል» መመለስን ግን አንስማማበትም፤ አዲስ ቃል የሚለምድ ተማሪ ጥቂት ይቸገራል፤ በሁለት መርማሪዎች ድንበር ላይ ተሰብሮ ከመዝገብ የቀረ ቃል ግን መቅረቱን የሚያስታውስለት ሰው አያገኝም።