ሰላም ለዓይንሽ

ሰላም ለዓይንሽ፣ ሳተላይቷ ቴራ ሆይ! ከምድር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከዋልታ ዋልታ ሲመላለስ ለማያንቀላፋው ዓይንሽ ሰላም ይሁን። በ99 ደቂቃ ምድርን ዞረሽ የምትመለሽ፣ የሰው ጥበብ ያቆመሽ ትጉህ ዘብ፣ ምን ብዬ ላወድስሽ?

ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ወጣሽ። ሞዲስ የተሰኘው ዓይንሽ መጋረጃው ተገልጦ ምድርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ያ የካቲት ለእኛ ምን እንደነበረ ዕድሜው የደረሰ ያስታውሳል፤ የባሌና የቦረና ደን ይነድ ነበር። ገበሬው ሥራውን ትቶ፣ ተማሪው ደብተሩን አስቀምጦ ወደ እሳቱ ዘመተ። ከባሕር ማዶም እሳት አጥፊዎች መጡልን። እኛ በጭስ ታውረን ስናነባ አንቺ ዓይንሽን ገለጥሽ። ይህን መገጣጠም እንደ ተራ ነገር ማለፍ አልሆነልኝም።

ሰላም ለማስተዋልሽ! የሥዕልሽ አንዲት ነጥብ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ትሸፍናለች፤ እሳቱ ግን ያን ሁሉ እስኪሞላ አትጠብቂም። 1,000 ካሬ ሜትር፣ የኳስ ሜዳ ሰባተኛ እጅ ያህል ቦታ ሲቃጠል ታውቂዋለሽ፤ ሰማዩ ከጠራልሽ ከዚያም ያነሰውን። ነገር በጋለ ቁጥር የሚረጨው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ያጥራል። ስለዚህ ነበልባል የሰው ዓይን በማያየው በ4 ማይክሮን ብርሃን እንደ ፋና ይንቦገቦጋል፤ በ11 ማይክሮን ግን ከአካባቢው ብዙም ጎልቶ አይታይም። አንቺ ሁለቱን አስተያይተሽ፣ ደግሞም ከጎረቤት መሬት ጋር አመሳክረሽ፣ ፀሐይ ያጋለውን አሸዋ ከሚነደው ጫካ ትለያለሽ። የኤርታሌ የቀለጠ ዓለት እንኳ በሌሊት ሲፍለቀለቅ ከአንቺ አልተሰወረም። ደመና ግን ይጋርድሻል።

ሰላም ለእህቶችሽ! በሚያዝያ 1994 ለተከተለችሽ ለአኳ፣ በጥቅምት 2004 ለመጣችውና እሳትን በ375 ሜትር ለምትለየው ለሱኦሚ ኤንፒፒ፣ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ አፍሪካን በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያም ቶሎ ለሚቃኙት ለሜቲዮሳቶች።

ክብር ለሳይንቲስቱ ለዮራም ካውፍማንም ይሁን። እሳት የት እንዳለ ማወቅ አልበቃው ብሎ፣ ከነበልባሉ የሚፈልቀው ኃይል ከሰማይ እንዲለካ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። ስንት ሣርና እንጨት ነደደ፣ ስንት ጭስ ወደ አየር ገባ የሚለውም ዛሬ በዚያ መንገድ ይሰላል። በጋ በመጣ ቁጥር የጋምቤላና የቤኒሻንጉል ሣር ምድር በካርታሽ ላይ በቀይ ነጥብ ይሸፈናል። ከእነዚህ አያሌዎቹ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅል በዕውቀት የተለኮሱ ናቸው። አንቺ አትፈርጂም፤ ያየሽውን ብቻ ትናገሪያለሽ። ይህ ታማኝነትሽ ከሁሉ ይበልጥብኛል።

ሰላም ለቸርነትሽ! ያየሽው እሳት በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ለዓለም ይደርሳል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። የአንድ ፓርክ ጠባቂ በስልኩ ያያል፣ ሚኒስትሩም ያንኑ ያያል። ለ6 ዓመት አገልግሎት ተሠርተሽ ሩብ ምዕተ ዓመት ተሻገርሽ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ተራሮች ሲቃጠሉ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ የአገሩ ሰው በገደሉ አፋፍ እሳቱን ገጥሞት ነበር። ጓሳው እንደ ጭድ ይነዳል፣ አስታው ይንጣጣል፤ ዋልያና ጭላዳ ወደ ቋጥኙ ይሸሻል። ሰውየው ግንባሩን በጥላሸት እጁ ጠርጎ የያዘውን ቅርንጫፍ እንደገና ያነሣል። ከምሽቱ 4፡30 ገደማ ሲሆን፣ እሱ ቀና ብሎ ሳያይሽ፣ አንቺ ከራሱ በላይ ታልፊ ነበር።