«ሄቤል» በመጽሐፈ መክብብ፤ የአንድ የዕብራይስጥ ቃል ትርጉምና ምሳሌነት

መጽሐፈ መክብብ በአንድ ቃል የሚታወቅ መጽሐፍ ነው። ይህንንም ቃል የአማርኛ አንባቢ «ከንቱ» ብሎ ያውቀዋል። በዕብራይስጡ ቃሉ «ሄቤል» ሲሆን፥ በመጽሐፉ 12 ምዕራፎች ውስጥ 38 ጊዜ ይገኛል። በምዕራፍ 1 ቁጥር 2 ብቻ አምስት ጊዜ ይደጋገማል፤ የሰባኪውም ንግግር በምዕራፍ 12 ቁጥር 8 በዚያው ቃል ይዘጋል። እንግዲህ ቃሉ ለመጽሐፉ እንደ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው ከተዛነፈ ደግሞ ቤቱ በሙሉ መዝመሙ አይቀርም። ስለዚህ «ሄቤል» በዓለም ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው ወይስ ስለ ዓለም የተነገረ ምሳሌ ብሎ መጠየቅ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሰው በዚህ ምድር ስለሚሠራው ሥራና ስለሚያገኘው ደስታ መጽሐፉ ምን እንደሚል የሚወስን ጥያቄ ነው።

የቃሉ መሠረት ከሚታየውና ከሚዳሰሰው ዓለም የተወሰደ ነው። «ሄቤል» ማለት በመጀመሪያ ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ ወይም እንፋሎት ማለት ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 57 ጣዖታትን ነፋስ እንደሚወስዳቸው ሲነገር፥ «ሄቤል» ከነፋስ ጎን ተሰልፎ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በኋለኛው ዘመን በነበሩት የአይሁድ መምህራን አነጋገርም ቃሉ ይህን የቤት ውስጥ ትርጉሙን አልተወም። ታልሙድ ለሰንበት የተዘጋጀ ምግብ እንዳይቀዘቅዝ ድስቱ በምን ሊሸፈን እንደሚገባ ሲደነግግ፥ «ሄቤል» የሚጨምረውን ነገር ከማይጨምረው ለይቶ ያስቀምጣል፤ በዚህ ስፍራ ቃሉ ሙቀት ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ አነጋገር ሀሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» በድምፅ ስለማይለያዩ፥ አንባቢ «ሄቤል»ን «ሐብል» ከሚለው ቃል ጋር ሊያዛምደው ይችላል። ነገር ግን በግዕዝ ገመድ፥ በአማርኛም የአንገት ጌጥ የሆነው «ሐብል» የሚዛመደው በዕብራይስጥ «ሔት» በሚባለው ፊደል ከሚጻፈውና ገመድ ማለት ከሆነው ቃል ጋር ነው። የመክብብ ቃል በ«ሄ» ይጻፋል። አንደኛው የሚያስር፥ ሁለተኛው ሊታሰር የማይቻል ነገር ነው።

ዕብራውያን ጸሐፊዎች ከዚህ አንድ ምስል ብዙ ጠባይ አውጥተዋል። መዝሙር 61፥ በዕብራይስጡ 62፥ ሰዎችን በሚዛን አስቀምጦ ከ«ሄቤል» የቀለሉ ሆነው ያገኛቸዋል፤ በዚህ የተፈለገው ቅለቱ ነው። መዝሙር 143፥ በዕብራይስጡ 144፥ ሰውን በ«ሄቤል»፥ ዕድሜውንም በሚያልፍ ጥላ ይመስለዋል፤ በዚህ የተፈለገው አላፊነቱ ነው። ኤርምያስ በምዕራፍ 10 ጣዖታትን በዚሁ ስም ሲጠራ የተፈለገው ባዶነታቸው ነው። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 17 ከስሙ ግሥ አውጥቶ፥ ባዶ ነገርን የተከተለ ሕዝብ ራሱ ባዶ እንደሚሆን ያመለክታል። መክብብ ደግሞ ቃሉን ነፋስን ከመከተል ምሳሌ ጋር ደጋግሞ ያጣምረዋል፤ ይህም ምስሉ በጸሐፊው አእምሮ ሕያው እንደ ነበረ፥ ጉምን እንደ መዝገን ያለ የማይጨበጥ ነገርን እንዳሰበ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ትርጓሜ ይህን ምስል ቀደም ብሎ ገፈፈው። የሰባው ሊቃናት በሚባለው የጽርዕ ትርጉም «ሄቤል» በመክብብ ውስጥ «ማታዮቴስ» ተባለ፤ ይኸውም ከንቱነት፥ ፋይዳ ቢስነት ማለት ነው። ሌሎቹ የጽርዕ ተርጓሚዎች፥ አቂላ፥ ሲማኮስና ቴዎዶቲዎን፥ እንፋሎት የሚል ቃል እንደ መረጡ የመሰከረው ሄሮኒሞስ ነው። እርሱም በ388 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በጻፈው የመክብብ ማብራሪያ ይህን ከተናገረ በኋላ፥ በሮማይስጡ «ቫኒታስ» የሚለውን አጸና። በዚያው ማብራሪያ መግቢያ ላይ፥ መጽሐፉን በሮም ሳለ ብሌሲላ ለተባለችው ወጣት መበለት ያነበበላት ዓለምን እንድትንቅ ለማነሣሣት መሆኑን ይገልጻል። ከዚህ በኋላ በምዕራቡ ክርስትና መክብብ ዓለምን የመናቅ መማሪያ ሆኖ መኖሩ አያስደንቅም።

የግዕዙ ብሉይ ኪዳንም በመሠረቱ ከጽርዕ የተተረጎመ ስለሆነ፥ «ከንቱ» ወደ ኢትዮጵያዊው አንባቢ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ተርጓሚዎቹ የቃሉን አደራረብ ጠብቀዋል፤ አንድን ስም በራሱ ብዛት ማጽናት፥ «ንጉሠ ነገሥት» እና «ቅድስተ ቅዱሳን» በሚሉት እንደሚታየው፥ ለሴም ቋንቋዎች እንግዳ አይደለምና። የተለወጠው የቃሉ ሥጋ ነው። በግዕዝ «በከንቱ» ሲባል ያለ ዋጋ ማለትም ይሆናል፤ በአማርኛ ግን «ከንቱ ሰው» ወይም «ከንቱ ውዳሴ» ሲባል ነቀፋ አለበት። እንፋሎትን የሚነቅፍ የለም፤ ከንቱ የተባለ ነገር ግን ተነቅፎ አልቋል።

ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በምዕራፍ 9 ቁጥር 9 ነው። ሰባኪው በዚያ ሰውን ከሚወዳት ሚስቱ ጋር በ«ሄቤል» ዘመኑ ሁሉ ደስ ብሎት እንዲኖር ይመክረዋል። ዘመኑ ከንቱ ከሆነ ምክሩ የተስፋ ቢስ ማጽናኛ ይሆናል። ዘመኑ እንደ ትንፋሽ የሚያልፍ ከሆነ ግን፥ ማለፉ ራሱ የምክሩ ምክንያት ነው፤ የሚያልፈው ሳያልፍ ደስ ይበልህ ማለቱ ነውና። እንደዚሁም በምዕራፍ 11 ቁጥር 10 ጉብዝና «ሄቤል» ሲባል ጉብዝና አይጠቅምም ለማለት አይመስልም፤ ከአንድ ቁጥር በፊት ወጣቱ በወጣትነቱ እንዲደሰት ታዝዟል። የደስታ ጥሪ በመጽሐፉ ውስጥ ሰባት ጊዜ እንደሚመላለስ እንግሊዛዊው ሊቅ ዋይብሬይ በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል። «ከንቱ» የሚለው ቃል ብቻውን የቀረበለት አንባቢ እነዚህን ሰባት ጥሪዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ሰው የተናገራቸው አድርጎ ለመቁጠር ይገደዳል።

የቅርብ ዘመን ሊቃውንት ይህን ጉድለት ለማረም ሞክረዋል። ማይክል ፎክስ በ1986 ባወጣው ጥናት፥ የካሚውን ፍልስፍና እያስታወሰ፥ «ሄቤል» ማለት ከአእምሮና ከፍትሕ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው አለ። ይህ ለምዕራፍ 8 ቁጥር 14 በእጅጉ ይስማማል፤ በዚያ ጻድቁ የኃጥኡን ዕጣ፥ ኃጥኡም የጻድቁን ዕጣ ሲቀበል ይታያልና። ነገር ግን ጉብዝናን ከአእምሮ ጋር የሚጋጭ ነው ማለት ትርጉም የለውም። ዳንኤል ፍሬድሪክስ በ1993 አላፊነትን መረጠ። ይህ ደግሞ ለጉብዝና ይስማማል፤ ለተጓደለ ፍትሕ ግን አይበቃም፤ ግፍ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰባኪው ባላዘነም ነበር። ሁለቱም የሰባው ሊቃናትን መልስ ቢነቅፉም አካሄዳቸውን ወርሰዋል፤ ለምስሉ አንድ ረቂቅ ፍች ፈልገው በ38ቱም ስፍራ ሊያጸኑት ይሻሉ። ዳግላስ ሚለር በ2002 ቃሉ ብዙ ፍች የሚሸከም ምሳሌ ነው ማለቱ፥ ሮበርት ኦልተርም በ2010 ባሳተመው ትርጉም ወደ ትንፋሽ መመለሱ ከሁለቱ የተሻለ መንገድ ነው።

ለዚህ መንገድ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ልማድ እንግዳ አይደለም። በአንድምታ ትምህርት መምህሩ አንዱን ቃል ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን አይሽረውም። በቅኔም ወርቁ የሚገኘው በሰሙ በኩል ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የጥንቱ ተርጓሚዎች ያደረጉት ሰሙን ጥለው ከወርቁ አንዱን ብቻ ማስቀረት ነው። እንፋሎት ቀላል ነው፤ አንድም አላፊ ነው፤ አንድም አይጨበጥም፤ አንድም ዓይንን ጋርዶ መንገድን ይሰውራል። ምስሉ ከተጠበቀ አራቱም ይጠበቃሉ።

ከምስሉ ጋር የጠፋ ሌላም ነገር አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የአዳም ሁለተኛ ልጅ የሚጠራበት ስም በዕብራይስጡ ይኸው «ሄቤል» ነው። ስሙ በጽርዕ በኩል «አቤል» ሆኖ ስለ መጣ፥ የግዕዝና የአማርኛ አንባቢ በመክብብ ውስጥ ሊሰማው አይችልም። ኦሪት የቃየልን ስም ምክንያት ስትናገር የአቤልን ሳትፈታ ታልፋለች። እርሱም በታሪኩ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር፥ ልጅም ሳይወልድ ይሞታል፤ ከሞቱ በኋላ የሚጮኸው ደሙ ነው። መሥዋዕቱ ግን ተወድዶለታል። እንግዲህ ስሙ ትንፋሽ የሆነውን ሰው አላፊ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከንቱ ነበር ለማለት ግን የሚደፍር የለም።

በታልሙድ፥ ሻባት በተባለው ክፍል፥ ሬሽ ላኪሽ የተባለው መምህር ከሌላ መምህር ሰምቶ ያስተላለፈው ቃል፥ ዓለም ጸንታ የምትኖረው ሕግ በሚማሩ ሕፃናት የአፍ «ሄቤል» እንደ ሆነ ይናገራል። ቃሉ በመክብብ የማይጨበጠውን ነገር ሁሉ ከሰየመ በኋላ፥ በዚህ ስፍራ ዓለምን የሚደግፍ ነገር ስም ሆነ። ይህ ሊሆን የቻለው በትንፋሽ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ነው፤ ትንፋሽ በእጅ አይያዝም፥ ነገር ግን ያለ እርሱ የሚኖር የለም።

ስለዚህ መክብብን እንደ ገና ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «እንፋሎት»፥ «ጉም» እና «ትንፋሽ» በሚሉት መካከል ሊያመዛዝን ይገባዋል። «ጉም» መሰወርን ያሳያል፥ ሕይወት ግን የለበትም። «እንፋሎት» በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ለሰው ሕይወት ምሳሌ ሆኖ ስለሚገኝ ለአንባቢ የታወቀ ነው። «ትንፋሽ» ግን አቤልንም ሕፃናቱንም ስለሚያቅፍ ይበልጣል፤ በ38ቱም ስፍራ ሳይለወጥ ቢገባ መደጋገሙም ይሰማል። በምዕራፍ 8 የተጓደለ ፍትሕ «ትንፋሽ» ሲባል ለጆሮ ማስቸገሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ቃሉ በዕብራይስጡም ቢሆን አንባቢን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል። «ከንቱ» የሚለውም ከአበው የተወረሰ ስለሆነ ሊጣል አይገባውም፤ ስፍራው ግን ከገጹ ኅዳግ፥ ከ«አንድም» በኋላ ነው።