በወንዙ ዳር የቆመችው እህት
(ወላጅ በሌለበት ቤት ስለሚያድጉ ሕፃናት፣ በሁለት ፊልሞች ላይ የቀረበ ሒስ)

ባለፈው ክረምት በዚህ በቤርሳቤህ፣ በማኅበራችን አዳራሽ፣ በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ሁለት ፊልሞችን አሳይተን ነበር። የመጀመሪያው በሩማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራው ራዱ ሚሃይልያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው፣ በአማርኛ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ልንለው የምንችለው ፊልም ነው። ሁለተኛው የእኛው ልጅ ዓለምወርቅ ዳቪድያን በ2018 ያቀረበችው «ዔጽ ትኤና»፣ ማለትም «የበለስ ዛፍ» ነው። ሁለቱም እናቱ ከአጠገቡ ስለሌለች ልጅ የሚናገሩ በመሆናቸው አብረው ቢታዩ ይጠቅማል ብለን ነበር። የመጀመሪያው ፊልም አልቆ መብራቱ ሲበራ ወጣቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ደግ ነው፣ ተገናኙ። ማግስቱስ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

እንደሚታወቀው ዘመቻ ሙሴ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ነው። በዚህ ጊዜ ወደ 8000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ገቡ። ነገሩ በአደባባይ በመሰማቱ ጉዞው በድንገት ተቋረጠ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4000 የሚሆኑ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ ሁሉም ባንድነት አልገቡም። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ፣ ልጅ እዚህ፣ ወላጅ እዚያ ሆነው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ያቋረጡትን ግንኙነት እንደገና የጀመሩት በ1989 ነው። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ መላክ እንኳ ቀላል አልነበረም። ለብዙ ቤተሰብ የመገናኛው ቀን የሆነው ዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ እርሱም በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ከ14000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ የተጓጓዘበት ነው። ከ1985 እስከ 1991 ስድስት ዓመት ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ስምንት ዓመት ይሞላዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። በሱዳን መጠለያ ያለች አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከረኃብ ለማዳን ስትል ከቤተ እስራኤል ጋር እንዲሄድ ታዘዋለች። ልጇ የሞተባት ሐና የምትባል ቤተ እስራኤላዊት እጁን ይዛ ወደ አውሮፕላኑ ታስገባዋለች። በእስራኤል ሽሎሞ ተብሎ ይመዘገባል። ሐና ብዙም ሳትቆይ በሕመም ትሞታለች። ልጁም በአዳሪ ትምህርት ቤት ከቆየ በኋላ በቴል አቪቭ የሚኖሩ ባልና ሚስት ያሳድጉታል። ጎልማሳ ሲሆን ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን ይመለሳል፤ እናቱንም ያገኛታል። ፊልሙ በ2006 በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት ስለ ድርሰቱ ተሸልሟል።

ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ደግ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሲታጠብ ውኃው ወደ ጉድጓድ ሲፈስ አይቶ ደንግጦ በእጁ ሊያስቆመው የሚታገልበትን ቦታ ያየ ሁሉ አይረሳውም። ውኃ ፍለጋ ቀን ሙሉ የሄደ ልጅ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ምግብ እምቢ ማለቱ፣ ባዶ እግሩን መሄዱ፣ ቄስ አምሃራ ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፉለት መሆኑ፣ ይህ ሁሉ ከእኛ ሕይወት የተወሰደ ነው። የልጅ ናፍቆት በቃል ሳይሆን በእግርና በእጅ እንደሚገለጥ ዳይሬክተሩ ገብቶታል።

ሆኖም ሁለት ነገር ጐድሎብናል።

አንደኛ፣ ሽሎሞ ብቻውን ነው። የሚሸከመው ታናሽ የለውም። በእኛ መንደር ግን ልጅ ማለት ብዙ ጊዜ ታናሹን በአንቀልባ ያዘለ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ የሽሎሞ አዲስ ቤት አባትም እናትም ያሉበት፣ ማድቤቱ የሞላ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ከእኛ ልጆች ስንቱ ነው? ያለ ወላጅ የመጡት አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ በፕኒሚያ ነው ያደጉት። ከአንድ ወላጅ ጋር የመጡት ደግሞ በመርካዝ ክሊጣ፣ ኋላም በዚህ በከተማችን ሰፈሮች፣ አንዱ ወላጅ ለሥራ ሲወጣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አደጉ።

በልጅነታችን ከቄሶች እግር ሥር ተቀምጠን ኦሪትን ስንማር፣ ስለ ሙሴ ልደት በሚናገረው ክፍል መምህራችን ሁልጊዜ የሚያቆሙበት ቦታ ነበር። እናቲቱ ዮካብድ ሕፃኑን በሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር ታኖረዋለች። ከዚያ በኋላ እርሷን ትተን የምናየው ታላቅ እህቱን ነው። ማርያም የሚሆነውን ለማወቅ በሩቅ ቆማ ትጠብቃለች። የንጉሡ ልጅ ሕፃኑን ስታገኘው ወጥታ የምትናገረው፣ ሞግዚት ላምጣልሽ ወይ ብላ እናቱን የምትጠራው እርሷ ናት። ኦሪት በጥቂት ቁጥር ብቻ ሲናገር እንኳ ይህችን ልጅ አልዘነጋትም። ዘመቻው ዘመቻ ሙሴ ተባለ። ፊልሙ ዮካብድን አሳይቶናል፤ ሙሴንም አሳይቶናል። ማርያም ግን የለችም።

እኛ የምናውቃትን አንዲት ማርያም እናንሣ። ስሟን እንዳንጠቅስ ለምናናታለች፤ ታሪኩን ግን ፈቅዳልናለች። በ1984 መጨረሻ ስትመጣ 12 ዓመቷ ነበር። ከአባቷ፣ ከአምስት ዓመት እህቷና ከሁለት ዓመት ወንድሟ ጋር ነው የመጣችው። እናቲቱ መራመድ ያልቻሉ አሮጊት እናታቸውን ትተው መሄድ ስላልሆነላቸው በጎንደር አካባቢ ቀሩ። አባት በዚህ ከተማ በፋብሪካ የሌሊት ሥራ አገኙ። ማታ ሲወጡ ልጆቹን ለእርሷ አደራ ሰጥተው፣ በሩን ከውጭ ቆልፈው ይሄዳሉ። ጧት ሲመለሱ እርሷ ሕፃናቱን አጥባ፣ የእህቷን ፀጉር ሽሩባ ሠርታ፣ ወደ ጋን ልታደርሳቸው ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ራሷ ትምህርት ቤት የምትሮጠው። ስለዚህ በየቀኑ ታረፍዳለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ ልጅቱ ሰነፍ ናት የሚል ወረቀት ለአባቷ ጽፋ ሰደደች። አባት ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ያነበበችላቸው ራሷ ናት። ቃሉን አልለወጠችውም፤ እንዳለ አነበበችላቸው። አባት ዝም ብለው ቆዩና በማግስቱ ጧት ሽሮውን ራሳቸው ሠሩ። በአገራችን ወንድ ማድቤት ገባ ከተባለ ሳቅ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሊጥ ማቡካትን ተማሩ፤ ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ በስንዴ ዱቄት እንጀራ ጋገሩ።

እናቲቱ በ1990 በአዲስ አበባ ሳሉ በመንገደኛ እጅ ለትንሹ ልጃቸው ሸሚዝ ላኩ። ጥልፉ ያማረ ነበር። ሲለብሰው ግን እጅጌው ከክርኑ አላለፈም። እናቲቱ ልጁን የሚያውቁት በሁለት ዓመቱ ነው፤ ትንሽ ጨምረው ገምተው ሰፉት። ሐና ለልጇ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር የምናነበው ሁሉ ታወሰን። ሐና በዓመት አንድ ጊዜ ታየው ነበርና ልኩን ታውቃለች። የእኛ ሐናዎች ግን ልክ የሚያውቁበት ዕድል አልነበራቸውም። ለፊልም ሠሪዎች እንዲህ ያለው ሸሚዝ ከብዙ ልቅሶ ይልቅ በተናገረ ነበር።

በአገራችን ሳለን እናት ከቤት መለየቷ ፈጽሞ እንግዳ ነገር እንዳልነበረም ወጣቶቻችን ሊያውቁ ይገባል። በኦሪት ሕግ መሠረት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር። በወለደችም ጊዜ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር። በጎጆው ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሮ ምግቧን በድንጋዩ ላይ ያቀብሏታል። በቤት የቀሩትን ሕፃናት አያት፣ አክስት፣ ጎረቤትና ታላቅ እህት ይይዟቸዋል። ሕፃኑ ሲናፍቅ ከድንጋዩ ወዲህ ቆሞ እናቱን ያያል፤ ድምፅዋንም ይሰማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑ የተቈጠረ ነበር። ልጅም አዋቂም መመለሻዋን ያውቃል። ሱዳን ያመጣብን አዲስ ነገር መለየቱ አይደለም፤ ያልተቈጠረው ቀን ነው። አያቲቱም፣ ጎረቤቷም፣ ድንጋዩም በሌሉበት አገር ያ ሁሉ ሸክም በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ፊልም ለዚህ ነገር የቀረበ ነው። ዓለምወርቅ ዳቪድያን ራሷ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የመጣች ናት። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1989፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ነው። የ16 ዓመቷ ሚና ከአያቷና ከወንድሟ ጋር ትኖራለች፤ እናቷ አስቀድማ እስራኤል ገብታለች። ጎረምሳው ኤሊ ለጦርነት እንዳይታፈስ በዛፍ ላይ ይሸሸጋል፤ ሚናም እርሱን ለማዳን ትደክማለች። ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛችን ነው። የእናት አለመኖርም በልቅሶ አይነገርም፤ በቤቱ ሥርዓት ውስጥ ነው ያለው። የሚወስነው ማን ነው፣ የሚያዘው ማን ነው ብለን ስንመለከት አያትን እናገኛለን። ይህ እውነት ነው። ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል የተሸለመው በከንቱ አይደለም እንላለን።

ነገር ግን ሚና ጎልማሳ ልትሆን የተቃረበች ናት፤ ፍቅሩና ጦርነቱም ታሪኩን ይወስደዋል። እናትና ልጅ ከተገናኙ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚኖሩ አያሳየንም። የመጀመሪያውም ፊልም በእናቲቱ ጩኸት ያበቃል። ሁለቱም ከማግስቱ በፊት ይቆማሉ።

ማግስቱ ምን ይመስል እንደ ነበር እኅታችን ነገረችን። በሜይ 1991 እናቲቱ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው ከአውሮፕላን ወረዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤተሰቡ ተገናኘ፤ ተለቀሰ፣ እልል ተባለ። በማግስቱ ጧት እናቲቱ ትንሹን ልጅ «ውኃ አምጣልኝ» አሉት። ልጁ አማርኛው አልገባውምና ወደ እህቱ ዞሮ «እማ፣ ምን አለች?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቃት። «እማ» የሚለውን ቃል እናቲቱ ሰሙት። ይህን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እኅታችን ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር። «ማሰሮውን ከእጄ ስትቀበለኝ ደስ አለኝ፤ ሸክሙ ከብዶኝ ነበር» አለችን። «ግን ስድስት ዓመት እናት ሆኜ ኖሬ በአንድ ጧት እህት ሁኚ ተባልኩ። ማንም እንዴት እንደሚሆን አልነገረኝም።» የፊልሙ እናት ልጇን ሂድ፣ ኑር፣ ሁን ብላዋለች። ለሽሎሞ ሐኪም መሆን ተሰጠው። ለእህቶቹስ ምን ተሰጣቸው?

አንድ ፊልም ሁሉን እንዲናገር አንጠይቅም። እንዲህ ያለው ፍርድ ቅን አይሆንም። የምንፈራው ሌላ ነው። የልጅ ልጆቻችን ታሪካችንን ከእኛ አፍ ይልቅ ከፊልም የሚሰሙበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ፊልሙ መለያየቱንና መገናኘቱን ብቻ ካሳያቸው፣ በመካከሉ ያለው ሁለት ሺህ ጧት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ያን ጧት የተሸከሙት ሰዎችም እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። ለዚህ ግን በደሉ የፊልም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። እኛም በስግድ ቀን ስንሰበሰብ ስለ ጉዞው እንናገራለን እንጂ፣ በፋብሪካ ሌሊት እየሠራ ጧት ሊጥ ስላቦካ አባት፣ ትምህርቷን ስለተወች ታላቅ እህት ተናግረን አናውቅም። አባቶች አፍረው፣ እህቶች ደግሞ ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም አሉ።

ነገሩም ያለፈ ብቻ አይደለም። በ2020 እና በ2021 በዘመቻ ጹር እስራኤል ወደ 2000 የሚሆኑ ሰዎች መጥተዋል። ከመጡት መካከል ግማሽ ቤተሰቡን በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ትቶ የመጣ አለ። ዛሬም በዚያ የሚጠባበቁ አሉ። በዛሬው ቀን ከተማችን ውስጥ ታናሿን ወደ ጋን አድርሳ ወደ ትምህርት ቤቷ የምትሮጥ ልጅ አትጠፋም። ስልክ አላት፤ የእናቷን ፊት በየማታው ታያለች። ይህ ከእኛ ዘመን እጅግ ይሻላል። ሽሩባውን የምትሠራው ግን አሁንም እርሷ ናት።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሁለት ነገር እንለምናለን። እንዲህ ያለች ልጅ በጎረቤታችሁ ካለች ማንኳኳት አትርሱ፤ በአገራችን ጎረቤት ሳይጠራ ይገባ ነበር። ያን ዘመን ያሳለፋችሁ ታላላቅ እህቶችና አባቶችም ወደ ማኅበራችን ኑና በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ንገሩን፤ በድምፅም በጽሑፍም እናስቀምጠዋለን። ያ እጅጌው ያጠረው ሸሚዝ አሁንም ተጣጥፎ በእኅታችን ሣጥን ውስጥ አለ። ወንድሟ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ልጆቹ ሸሚዙን አይተው የማን ነው ብለው ሲጠይቁ የሚነግራቸው ሰው እንዳይጠፋ ነው ይህን የጻፍነው።