የይዞታ ደብተርና የእርፍ ነገር

የሴቶች እኩልነት ዕቅድ እኩሌታው ላይ ደርሶ ሲመረመር፣ ስንት ሴት ደብተር ተቀበለች የሚለው ቍጥር ብቻውን አያረካንም። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ መስፈሩ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል። የ1995 ዓ.ም. የክልሉ የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 አድርጓል።

ነገር ግን ከጎንደር ከተማ ወጥተን ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ደጋ ብንዘልቅ፣ በልማዱ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች እንጂ እርፍ አትጨብጥም። በሬ የሌላት ፈት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም እኩሌታው ይሄዳል። አራሹ አስቀድሞ የራሱን ማሳ ያርሳል፤ የእርሷ ተራ ሲደርስ ዝናሙ አልፎ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ደብተሩ የእርሷ ቢሆን እርሻው የማን ነው?

ጎንደር በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው የገዙባት ከተማ ናት የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ የእቴጌይቱ ዘውድ ግን ለወገራ ባላገር ሴት በሬ አልጠመደላትም።

ስለዚህ ለቀረው ዘመን በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ይጨመር እንላለን፦ የባለደብተሯ መሬት በማን በሬ ታረሰ፣ ከአውድማውስ ስንት ቁና ገባላት?