ስኩዌር ካደረግን በኋላ

በስኩዌር ሩት ሥር የተቀመጠ ያልታወቀ ቁጥር ፈልጉ ሲባሉ፣ ተማሪዎች የመጀመሪያውን እርምጃ አያጡትም፤ ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ማድረግ ነው። ሩቱ ይጠፋል፣ የለመዱት ኳድራቲክ ይመጣል፣ ፋክተር ይደረጋል፣ ከተገኙት ቁጥሮች ሥር ሁለት መስመር ይሰመራል። ሂሳብ ሳስተምር አጥብቄ የምከራከረው ከእነዚያ ሁለት መስመሮች ጋር ነው። በዚህ ዓይነት እኩልታ እዚያ የደረሰ ተማሪ ገና መልስ አላገኘም፤ ያገኘው መልስ ሊሆኑ የሚችሉ ቁጥሮችን ነው።

ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» ብለን ይህን እንሥራ፦

√(ሀ + 7) = ሀ − 5

ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ስናደርግ ሀ + 7 = ሀ² − 10ሀ + 25 እናገኛለን። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ስንሰበስብ ሀ² − 11ሀ + 18 = 0፣ ፋክተር ስናደርገው ደግሞ (ሀ − 9)(ሀ − 2) = 0 ይሆናል። ስለዚህ ሀ ወይ 9 ነው ወይ 2። አሁን ወደ መጀመሪያው እኩልታ እንመለስ። 9ን ስናስገባ በግራ √16፣ ማለትም 4፤ በቀኝም 9 − 5፣ ማለትም 4። ይህ ልክ ነው። 2ን ስናስገባ በግራ √9፣ ማለትም 3፤ በቀኝ ግን 2 − 5፣ ማለትም −3። 2 መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ የትም ቦታ ሳልሳሳት የተሳሳተ መልስ ከየት መጣ?» ይህን ጥያቄ «ሕጉ ነው፤ ዝም ብለህ አረጋግጥ» ብሎ ማለፍ ተማሪውን መበደል ነው። የትምህርቱ ፍሬ ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሁለት ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ስኩዌራቸውም እኩል ነው። ስኩዌራቸው እኩል ስለሆነ ግን ቁጥሮቹ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም፤ 3ም −3ም ስኩዌር ሲደረጉ 9 ናቸው። ስለዚህ ስኩዌር ማድረግ መሄጃ እንጂ መመለሻ የሌለው እርምጃ ነው። √(ሀ + 7) = ሀ − 5 እና −√(ሀ + 7) = ሀ − 5 የተለያዩ እኩልታዎች ናቸው፤ ስኩዌር ሲደረጉ ግን ሁለቱም ያው ኳድራቲክ ይሆናሉ። ሞክሼዎች ባሉበት ክፍል አንድ ስም ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ የአባት ስም እስኪጠራ የተፈለገው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የኛ ኳድራቲክም የሁለቱን እኩልታዎች መልስ አብሮ ይጠራል። 2 በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የሌላኛው እኩልታ ትክክለኛ መልስ ነው።

ይህ ግልጽ የሚሆነው ግን የምልክቱ ትርጉም ከጠራ ነው። ሀ² = 9 ሁለት መልስ አለው፤ √9 ግን 3 ብቻ ነው። የሩት ምልክት ኔጋቲቭ ያልሆነውን ቁጥር ብቻ እንዲጠራ ተስማምተናል። ምልክቱ ራሱ በ1525 ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ባሳተመው የጀርመንኛ የአልጀብራ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ከላይ የሚሰመረውን መስመር ከምልክቱ ጋር ያያያዘው ደግሞ ደካርት በ1637 ነው። መስመሩ ሩቱ እስከ የት ድረስ እንደሚሸፍን ይናገራል። ሰሌዳ ላይም ደብተር ላይም እስከ መጨረሻው እንዲሰመር የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው፤ 7 ከመስመሩ ውጭ ከቀረ ሌላ እኩልታ ሆነ ማለት ነው።

ብዙዎች በግማሽ መንገድ የሚያቆሙት ማረጋገጫም አለ። ሩት ውስጥ ያለው ኔጋቲቭ አለመሆኑን አይተው ይረካሉ። 2ን ብናስገባ ሩት ውስጥ የሚገኘው 9 ነው፤ ምንም እንከን የለበትም። 2ን የሚጥለው ከሩቱ ማዶ ያለው ወገን ነው። ሩት መቼም ኔጋቲቭ አይሆንምና ሀ − 5 ከዜሮ ማነስ የለበትም። ስለዚህ ተማሪዎቼን ስኩዌር ከማድረጋቸው በፊት ጥግ ላይ «ሀ ≥ 5» አስጽፋቸዋለሁ። 2 ሲመጣ ወዲያው ይወድቃል። በአንድ ጎን ሩት ብቻውን በቆመበት እኩልታ ይህ ሁኔታ ብቻውን ይበቃል፤ ሩት ውስጥ ያለው ከአንድ ቁጥር ስኩዌር ጋር እኩል ሆኖ ስለተገኘ ኔጋቲቭ ሊሆን አይችልምና።

አስቀድሞ ማየት አንዳንዴ ሥራውን ሁሉ ያስቀራል። √(ሀ − 3) + 4 = 1 ቢሰጠን፣ 4ን ወደ ማዶ ስናሻግር √(ሀ − 3) = −3 ይሆናል። እዚህ እናቆማለን፤ መልስ የለውም። ዝም ብሎ ስኩዌር ያደረገ 12 ያገኛል፤ 12ን መልሶ ቢያስገባ ግን በግራ የሚመጣው 7 ነው።

ሁለት ሩት ሲኖር ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። √(ሀ + 5) + √ሀ = 5 ሲሰጥ እያንዳንዱን ለየብቻ ስኩዌር ያደረገ ሀ + 5 + ሀ = 25 ብሎ 10 ላይ ይደርሳል። √15 እና √10 ሲደመሩ ግን ከ7 ይበልጣሉ። ትክክለኛው መንገድ አንዱን ሩት ብቻውን ማቆም ነው፦ √(ሀ + 5) = 5 − √ሀ። ቀኙ ስኩዌር ሲደረግ 25 − 10√ሀ + ሀ ይሆናል፤ ተማሪ የሚጥላት ያቺን የመሐሏን −10√ሀ ነው። ሀ ከሁለቱም ጎን ሲጠፋ 10√ሀ = 20 ይቀራል፤ √ሀ 2 ነው፣ ሀ 4 ነው። ሲረጋገጥ 3 + 2 = 5። የሩቱ ብዛት ሁለት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ስኩዌር አድርገናል፤ መመለሻ የሌለውን እርምጃ ሁለት ጊዜ ስለወሰድንም ማረጋገጡ የባሰ ግዴታ ይሆናል።

በሌላ በኩል ስኩዌር ማድረግ ምንም የማያስገባበት ቦታም አለ። የፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል፤ ውዝዋዜው 2 ሰከንድ እንዲሆን የሚያስፈልገው ርዝመት 1 ሜትር ገደማ ነው። ጊዜም ርዝመትም ፖዘቲቭ ስለሆኑ እዚያ ስኩዌር ብናደርግ እርምጃው ወደ ኋላም ይመለሳል። ተማሪ ይህን ሲለይ ማረጋገጥን ከፍርሃት ሳይሆን ከምክንያት ተነሥቶ ይሠራዋል።

ማረጋገጥን እንደ ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚያዩ አሉ፤ እጅ ተሳስቶ እንደሆነ ለማየት። በመደመርና በማባዛት ልክ ነው። እዚህ ግን በስሌት የማይሳሳት ኮምፒውተር እንኳ ስኩዌር አድርጎ ከፈታው 2ን መጣል አለበት፤ የሚመረመረው ስሌቱ ሳይሆን የመንገዱ አመክንዮ ነውና። ለዚህ ነው ለማረጋገጫው መስመር ራሱን የቻለ ማርክ የምሰጠው፤ 9 ብቻ ከጻፈ ተማሪ «2 አይሆንም፣ ምክንያቱም 2 − 5 ኔጋቲቭ ነው» ብሎ የጨመረው ይበልጥብኛል። ያው ጉዳይ ኋላ በሎጋሪዝምና በአብሶሉት ቫልዩ እኩልታዎች ተመልሶ ይመጣል። «ይህ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ እዚያ ሲደርስ አዲስ ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም።